የታደሰ ሞተር በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ለምን ይሞታል?

ከላሊበላ በብልባላ አድርጎ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ አካባቢ የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። የሆነ መሥሪያ ቤት ጓሮ፣ ከተሰበረ ወንበርና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ተደግፎ የቆመ አሮጌ ያማሃ። ጎማው ተንፍሷል፣ መቀመጫውን አይጥ በልቶታል። አንድ ቀን በጨረታ ይወጣል። አንድ ልጅ ይገዛዋል፣ ወራት ይለፋበታል፣ ቀለም ቀብቶ ፎቶውን ይለጥፋል። ከዚያ በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ድምፁ ድንገት ይቀየርና የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆለፋል።

ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል ማለት ነው። ገንዘቡስ ይቅር። በላስታ ጠመዝማዛ ላይ ጎማ ሲቆለፍ ግን ሰው ነው የሚወድቀው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሠራው መንገድ ላይ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚያች ቀን ነው።

(እግረ መንገዴን፦ እኛ "ሞተር" ስንል ሳይክሉንም ማለታችን ነው፣ ውስጡ የሚነደውንም። እዚህ ጽሑፍ ላይ "ሞተር" ካልኩ የሚነደውን ነው። ፋሻ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መካኒኮቻችን ሳያውቁት ጣሊያንኛ ይናገራሉ።)

መጀመሪያ ሳይክሉን እንተዋወቅ። በገጠር መሥሪያ ቤቶች የምታዩት አሮጌ ያማሃ ብዙ ጊዜ ወይ ዲቲ 125 ነው ወይ ኤጂ 100። ኤጂ የሚለው ከእርሻ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለገበሬ ተብሎ ወጣ። ሰንሰለቱ ጭቃ እንዳይገባው በሙሉ ተሸፍኗል፣ በግራም በቀኝም ማቆሚያ እግር አለው፣ ከፊትና ከኋላ ዕቃ መጫኛ አለው። ሞተሩ 97 ሲሲ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ግን ሁለቱም ባለ ሁለት ምት መሆናቸው ነው። ዛሬ በየከተማው እንደምታዩት ቦክሰር አይደሉም። የቦክሰር ሞተር ዘይቱ ከታች ተቀምጦ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይረጨዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ከታች የተቀመጠ የሞተር ዘይት የለውም፤ ታች ያለው የካምቢዮው ዘይት ነው፣ እሱ ለማርሹ እንጂ ለፒስተኑ አይደርስም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ አብሮ የሚቃጠል ዘይት ነው። ዘይቱ ከቆመ ሞተሩ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ እያለ፣ ፍሬም ውስጥ ሳይገባ የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ከገባ በኋላ እንደገና ማውረድ ነው የሚሆነው። ፒስተኑ አናት ላይ ያለችው ቀስት ወደ ማርሚታው በኩል ትዙር። በፋሻው ቦይ ውስጥ ትንሽ ሚስማር አለች፣ የፋሻው ክፍት ጫፍ እሷ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከሳተ ሲሊንደሩ ሲገባ ፋሻው ይሰበራል። የፒስተኑን ፒን የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። የድሮውን ሽቦ መልሶ መክተት ጥቂት ብር ያተርፋል፣ ከወጣ ግን ሲሊንደሩን ይልጠዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚዘነጋው የክራንኩ የጎማ ማኅተም ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚተነፍሰው በክራንኩ ቤት በኩል ስለሆነ፣ በክራንኩ ሁለት ጫፍ ያሉት ጎማዎች አየር ማሳለፍ የለባቸውም። ሳይክሉ ዓመታት ቆሞ ከነበረ ጎማዎቹ ደርቀዋል። በማግኔቱ በኩል ያለው ከቀደደ ንጹሕ አየር ይስባል፤ አየር በዛ፣ ቤንዚንና ዘይት አነሰ፣ ሞተሩ ጋለ። በካምቢዮው በኩል ያለው ከቀደደ ደግሞ የማርሹን ዘይት ይጠጣል፣ ማርሚታው ነጭ ጭስ ማቆም ያቅተዋል።

መፈተሻው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የካርቡራተሩን መግቢያ፣ የማርሚታውን መውጫና ቀጭኗ የዘይት ቱቦ የምትገባበትን በጎማ ድፈኑ። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱት። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያ፣ ያው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ማለቴ ነው፣ ቱቦውን በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አጥብቃችሁ አገናኙና 250 እስኪደርስ ንፉ። አምስት ደቂቃ ከቆመ ጥሩ ነው። ከወረደ የሳሙና አረፋ ቀቡ፣ የሚያፈሰው ቦታ ራሱ ይነግራችኋል። ከጤና ጣቢያ መለኪያ ተውሶ ለሞተር ሳይክል መጠቀም ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ማስገባቱ እንኳን እንደሚፈራው አይደለም። 100 ሲሲ ሞተር ሁለት ሰው በቀላሉ ያነሳዋል። አዲሱ ቀለም እንዳይጫር ፍሬሙን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ወይም ሞተሩን በጎኑ አስተኝታችሁ ባዶውን ፍሬም በላዩ አውርዱት። ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ ካስገባችሁ በኋላ ነው ማጥበቅ የሚጀመረው። አንዱን ቀድማችሁ ካጠበቃችሁ የመጨረሻው ቀዳዳ አይገጥምም፣ መዶሻ ይመጣል፣ ነገር ይበላሻል። አንድ የሚያሳብድ ነገር ልንገራችሁ፦ ፍሬሙ አዲስ ቀለም ከተቀባ የመሬት ሽቦው ቀለም ላይ ነው የሚያርፈው፤ ካንዴላው እሳት አይሰጥም። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ቀለሙን ፋቁት። ማርሚታውንም ውስጡን እዩት፣ ቆሞ የኖረ ማርሚታ የነፍሳት ቤት ነው። ብልባላ ጊዮርጊስ በንቦቹ የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚያ ንብ በረከት ነው፤ ማርሚታ ውስጥ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ያዙልኝ ያልኩት ነገር።

ያማሃ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር "ኦቶሉብ" የሚባለውን አመጣ። ዘይት ለብቻው ጋን አለው፣ ትንሽ ፓምፕ በጋዙ ልክና በሞተሩ ፍጥነት እየመጠነ ይሰጣል። ሞተሩ ሲወርድ ይህ ቱቦ ይፈታል፣ ውስጡ አየር ይገባል። ሲመለስ ጋኑን ዘይት ሞልታችሁ ትነሳላችሁ፣ ጋኑ ሙሉ ነው፣ ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። ቱቦው ውስጥ ግን አየር ነው ያለው። ፓምፑ አየር እየገፋ እናንተ ወደ ሰቆጣ ትሄዳላችሁ። ወራት የተለፋበትን ፒስተን የምትገድለው ይቺ አየር ናት።

መፍትሔው አጭር ነው። የፓምፑን ሽፋን ክፈቱ፣ ፓምፑ ላይ አየር ማስወጫ ትንሽ ቡሎን አለች፣ ፈታ አድርጓት። ዘይቱ አረፋ ሳይኖረው መፍሰስ ሲጀምር ዝጉ። ከፓምፑ ወደ ሞተሩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ግን ገና ባዶ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቤንዚን በዘይት ደባልቁት፦ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ተለክቶ። በዓይን ግምት አይሆንም። ሞተሩን አስነሱ፣ ጋዝ ሳትሰጡ የፓምፑን ገመድ በእጅ እስከ መጨረሻው ሳቡትና ጥቂት ደቂቃ ያዙት። ጭሱ ሲበዛ ዘይቱ ደርሷል። ከዚያም በኋላ የመጀመሪያውን ጋን በድብልቁ ጨርሱት።

አንዳንዱ ፓምፑን ነቅሎ ጥሎ ሁሌም በእጅ ይደባልቃል። ይቻላል፣ ግን ለሁለት ምት የተሠራ ዘይት መሆን አለበት። ለመኪና የሚሸጠው ባለ 40 ዘይት በደንብ አይቃጠልም፣ ካንዴላውን ያጠቁረዋል።

አየሩም ሌላ ጣጣ ነው። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲተያይ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይሰጣል። ቤንዚን ይበዛል፣ ሞተሩ ይታነቃል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ስለዚህ መካኒኩ ጄት የሚሉትን ቀዳዳ ያለው ናስ በትንሽ ቁጥር ይለውጣል፣ ወይም የመርፌውን ክሊፕ አንድ ቦይ ወደ ላይ ያደርጋል። ትክክል ነው፣ ለደጋ። ችግሩ ያንኑ ሳይክል ይዛችሁ በጋሸና፣ በድልብና በወልዲያ አድርጋችሁ ቆቦ ስትወርዱ ነው። እዚያ ከፍታው ወደ 1,500 ሜትር ነው፤ አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ ግን ለደጋ የተቀነሰው ነው። ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል። የወጣውን ጄት አትጣሉት፣ በኪሳችሁ ይሂድ።

ቁልቁለቱም የራሱ ሕግ አለው። በቦክሰር በማርሽ እየያዛችሁ ጋዝ ዘግታችሁ ረጅም ቁልቁለት ብትወርዱ ምንም አይሆንም። ድብልቅ ቤንዚን በሚጠጣ ሁለት ምት ግን ጋዝ ሲዘጋ ዘይቱም አብሮ ይዘጋል፣ ሞተሩ ደግሞ በጎማው እየተገፋ በኃይል ይዞራል። ፓምፕ ያለውም ቢሆን ጋዙ ሲዘጋ ዘይቱ ይቀንሳል። በየተወሰነ ርቀቱ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ ጋዙን አንዴ ሳብ፣ መለስ አድርጉ። ሞተሩ ሲከብድ ወይም ድምፁ ሲቀየር ከተሰማችሁ ደግሞ አታስቡ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጡት። ያኔ ሞተሩ ቢጣበቅም ጎማው ይዞራል። ለዚህ ነው ባለ ሁለት ምት የሚነዱ የድሮ ሰዎች ሁለት ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ ላይ የማያነሱት።

የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች አጭር አድርጓቸው፦ ሙቅ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ እንደገና። ከቀዘቀዘ በኋላ የቴስታታውን ዳዶዎች አንዴ ፈትሹ፣ አዲሱ ጓርኒሲዮን ሲሞቅ ስለሚቀመጥ ትንሽ ይላላሉ። ካንዴላውንም ፈታችሁ እዩት። የቡና ቀለም ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ታገሱት። ነጭ ከሆነ ግን ያን ቀን ወደ ቆቦ አትውረዱ።