ጊታር ተስተካከለ የሚባለው መቼ ነው?

የኤሌክትሪክ ጊታርን ጤንነት ቀድሞ የሚያውቀው መዳፍ ነው። እጅ በአንገቱ ጠርዝ ላይ ሲሄድ ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን ብረቶች ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቧጨረ፣ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል፤ ብረቱ ግን ባለበት ቀርቷል። ይህና ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የተተከለ ፍሬት በሞረድ የሚታረሙ ጉድለቶች ናቸው። የቀረው ጣጣ በአብዛኛው የአስተካከል ጉዳይ ነው። ከፋብሪካ ተፈትሾ የወጣ ጊታርም አያመልጠውም፤ ስድስቱ ክሮች አንገቱን 40 ኪሎ ገደማ በሆነ ኃይል ቀን ከሌሊት ይጎትቱታልና።

ጉተታውን የሚመክተው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው። የሚጠብቅና የሚላላ ዘንግ ለጊብሰን ኩባንያ የፈጠረው ታዴየስ ማክሂው ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ በ1923 እ.ኤ.አ. ተሰጠ። አንገቱን ለመፈተሽ ጊታሩ ይቃኝና ወፍራሙ ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ ይያዛል። የተወጠረው ክር ማስመሪያ ሆነ ማለት ነው። በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መካከል ሩብ ሚሊሜትር ያህል ከታየ ደህና ነው፤ የሚርገበገብ ክር መሐሉ ላይ መላወሻ ይፈልጋል። ክፍተቱ ከበዛ ዘንጉ ይጠብቃል፣ ከጠፋ ይላላል፤ ያውም በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፍ፣ በየመሐሉም እየተቃኘ። የዘንጉ ቁልፍ እምቢ ካለ መታገል ጊታር መስበር ነው።

ቀጥሎ የክሮቹ ከፍታ ይመጣል። ጊታር ሠሪው ፌንደር ለብዙዎቹ ጊታሮቹ በ17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ይመክራል። ከዚያ ዝቅ ሲል ለጣት ይቀላል፤ ክሩ ግን ፍሬት እየነካ እንደ ንብ እዝ ማለት ይጀምራል። በገና ላይ ይህ ድምፅ እንዚራ በሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ሆን ተብሎ የሚፈጠር ውበት ነው፤ ጊታር ላይ ሕመም ነው። በአንገቱ ሁሉ ከተሰማ አስተካከሉ፣ አንድ ቦታ ብቻ ከተሰማ ከፍ ያለ ፍሬት ይጠረጠራል።

ቅኝት አልይዝ ሲል ብዙ ሰው የሚወቅሰው መቃኛውን ነው። ሲቃኝ ክሩ "ጢቅ" እያለ ከዘለለ ግን ጥፋቱ ራስጌው ላይ ክሩ የሚያልፍበት ጠባብ ቦይ ነው፤ ክሩን ይይዘዋል። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ብዙ ጊዜ ያቃልለዋል።

በገና ላይ በርኩማ የሚባለው ክፍል በጊታር ብሪጅ ይባላል፤ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባት ትንሽ ብረት አለችው። ብረቷ በትክክለኛ ቦታዋ መሆኗን ለማወቅ ክሩ ባዶውን ይመታል፣ ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ተይዞ ይመታል። ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ቀጥኖ ከወጣ ብረቷ ወደ ኋላ፣ ወፍሮ ከወጣ ወደ ፊት ትገፋለች። ሥራው በአዲስ ክር ካልሆነ ከንቱ ነው፤ ያረጀ ክር ይዋሻል።

የክሮቹን ንዝረት የሚቀበሉት ፒክአፖች መጨረሻ ላይ የሚነኩት የክሮቹ ከፍታ ከተቆረጠ በኋላ ነው። በጣም ከቀረቡ ማግኔታቸው ወፍራሞቹን ክሮች እየሳበ ድምፁን ያዋልላል፤ ያኔ የቅኝት መለኪያው መርፌም አንድ ቦታ አይቆምም።