ተጭኖም የማይከፈተው ገጽ

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ጥቁር ተርሚናል ላይ ተደፍቶ መዋል አይወድም። ዌብሚን፣ ኮክፒትና ዊንዶውስ አድሚን ሴንተር የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ ተጠቃሚ መጨመሩን፣ ዲስክ ማየቱን፣ የቆመ አገልግሎት ማስነሳቱን ብራውዘር ላይ ሆኖ ለመጨረስ። ከሦስቱ አንጋፋው ዌብሚን ነው። ጄሚ ካሜሮን በፐርል ቋንቋ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1997 የለቀቀው ሲሆን፣ ዛሬም እየታደሰ ይወጣል።

መጫኑ ራሱ ብዙ አያደክምም። የሚያደክመው «ተጭኗል» ከተባለ በኋላ ገጹ አልከፈት ሲል ነው። ብዙ ሰው ያኔ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭነዋል፤ ሁለተኛው ጭነትም እንደ መጀመሪያው ዝም ይላል። ብራውዘሩ አልከፍትም ያለው በምን ዓይነት መልእክት እንደሆነ ቢነበብ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ ግማሹ ይታወቃል።

አስቀድሞ ስለ መጫኑ ጥቂት። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የአዘጋጆቹን ስክሪፕት አስኪዶ ሪፖዚቶሪያቸውን መጨመር፣ ከዚያ በአፕት መጫን ነው፤ ሬድ ሃትና ዘመዶቹ ላይ ደግሞ በዲኤንኤፍ። ፍሪቢኤስዲ ላይ ፓኬጁ ከገባ በኋላ የማዋቀሪያውን ስክሪፕት በእጅ ማስኬድ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። በጭነት መሃል መብራት ከሄደ አፕት በሚቀጥለው ጊዜ «ዲፒኬጂ ተቋርጧል» ብሎ ያቆማል፤ መጻፍ ያለበትን ትእዛዝም እዚያው መልእክቱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ገልብጦ ማስኬድ ብቻ ነው። ሌላው የአሮጌ ማሽን ጣጣ የሰዓት ባትሪ ነው። ባትሪው ያለቀበት ማሽን ሲነሳ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያኔ አፕት የሪፖዚቶሪው ፋይል «ገና አልጸናም» ይላል፣ ሰርተፊኬቶችም አይሠሩም። ቀኑን ማስተካከል ሁለቱንም ይፈታል።

አሁን ወደ ገጹ። ዌብሚን የሚሰማው በፖርት 10000 ነው። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ መጀመር አለበት፣ በስተመጨረሻም ሁለት ነጥብና የፖርቱ ቁጥር ይጻፋል። ብራውዘሩ ስለ ሰርተፊኬት ካስጠነቀቀ ደስ ሊለን ይገባል፤ ሰርቨሩ ተገኝቷል፣ ፕሮግራሙም እየሠራ ነው ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ዌብሚን ሲጫን ሰርተፊኬቱን ራሱ ለራሱ ስለሚፈርም ነው።

«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ከተባለ ጥያቄው ማሽኑ ድረስ ደርሷል፣ ፖርቱ ላይ የሚቀበለው ግን የለም። በር ተንኳኩቶ ከውስጥ «የሉም» እንደመባል ነው። ስለዚህ ሲስተምሲቲኤል ብሎ የዌብሚንን ሁኔታ መጠየቅ ይቀድማል። ከቆመ ምክንያቱን ቫር ስር፣ ዌብሚን በሚባለው ማህደር፣ ሚኒሰርቭ ነጥብ ኤረር የሚለው ፋይል ይናገራል። ብዙ ጊዜ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ፦ የጎደለ የፐርል ሞጁል፣ ወይም 10000ን ቀድሞ የያዘ ሌላ ፕሮግራም። አንዳንድ የባክአፕ ሶፍትዌሮች ይህንኑ ቁጥር ይጠቀማሉ። ፖርቱን ማን እንደያዘው ኤስኤስ የሚባለው ትእዛዝ ያሳያል፤ ቁጥሩን መቀየር ከተፈለገ ደግሞ ኢቲሲ ስር ባለው የዌብሚን ማህደር፣ ሚኒሰርቭ ነጥብ ኮንፍ ውስጥ «ፖርት» የሚለውን መስመር አስተካክሎ አገልግሎቱን እንደገና ማስነሳት ነው።

ገጹ እየተሽከረከረ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ ነገሩ ሌላ ነው። መልስ የሚሰጥ የለም፤ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል ጥያቄውን ውጦታል። ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው ሲበራ ያልተፈቀደውን በዝምታ ይጥላል። የሬድ ሃቱ ፋየርዎልዲ ግን መከልከሉን ይናገራል፤ ስለዚህ በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ችግር ብራውዘሩ ላይ የተለያየ መልክ ይኖረዋል። የተከራየ ሰርቨር ላይ ደግሞ ፋየርዎሉ ሁለት ሊሆን ይችላል፦ አንዱ ማሽኑ ውስጥ፣ ሌላው በአከራዩ ድርጅት መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ። አንዱን ከፍቶ ሌላውን የረሳ ሰው ሰዓታት ያባክናል። መለያው ቀላል ነው፤ እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ በከርል ሎካልሆስትን በፖርት 10000 መጠየቅ። ከውስጥ መልስ ካለና ከውጭ ከሌለ ዌብሚን ምንም አላጠፋም።

ገጹ ተከፍቶ ይለፍ ቃሉን አልቀበል ካለስ? ኡቡንቱ ላይ ሩት የሚባለው ተጠቃሚ ከመነሻው ይለፍ ቃል የለውም፤ በሩት ልግባ ማለት እዚህ አይሠራም። ሁሉንም ትእዛዝ በሱዶ ማስኬድ የተፈቀደለት ተጠቃሚ በራሱ ስም መግባት ይችላል። ደጋግመው ከተሳሳቱ ዌብሚን ለአጭር ጊዜ ይዘጋብዎታል፣ ስለዚህ ትንሽ ታግሶ መሞከር ያዋጣል። ይለፍ ቃሉ ጨርሶ ከጠፋ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣ ቼንጅፓስ የሚባል ስክሪፕት አለ፤ የማዋቀሪያ ማህደሩን፣ የተጠቃሚውን ስምና አዲሱን ይለፍ ቃል በዚህ ቅደም ተከተል ይቀበላል። ስክሪፕቱ ዴቢያን ላይ የሚገኘው ዩኤስአር ሼር ስር፣ ሬድ ሃት ላይ ዩኤስአር ሊብኤክዜክ ስር ነው።

ኮክፒት በፖርት 9090 ይሠራል፣ የራሱም ማታለያ አለው። አገልግሎቱን ሁኔታ ቢጠይቁት «አልሠራም» ሊል ይችላል፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፤ ሰው ሲመጣ ብቻ የሚነሳ ነውና። መታየት ያለበት የኮክፒት ሶኬት ነው። አዳዲሶቹ ስሪቶች ሩትን በነባሪ አያስገቡም፤ የተከለከሉት ስሞች ኢቲሲ ስር በኮክፒት ማህደር ተዘርዝረዋል። ዊንዶውስ አድሚን ሴንተር በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ 443ን ይይዛል፤ የቆዩት ስሪቶቹ በግል ኮምፒውተር ላይ 6516ን ይይዙ ነበር። እነዚሁ የቆዩ ስሪቶች በግል ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ሲከፈቱ የትኛውን ሰርተፊኬት እንደሚጠቀሙ ይጠይቃሉ፣ የፕሮግራሙን ስም የያዘውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሌላ ከተመረጠ መግባት ይከለክላሉ።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ ብዙዎች እፎይ ብለው ይተዉታል፤ ለዓለም ሁሉ እንደተከፈተ ግን መተው የለበትም። ይህ ገጽ የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2019 የዌብሚን ፓኬጆች ውስጥ አንድ ሰው ሆን ብሎ የቀበረው የጀርባ በር መኖሩ ይፋ ሆነ። የምንጭ ኮዱ ንጹሕ ነበር፤ የተነካካው ፓኬጁ የሚሠራበት ማሽን ነው። ስሪት 1.890 እንደተጫነ ያለ ምንም ለውጥ ለጥቃት የተጋለጠ ነበር፣ ከእርሱ በኋላ እስከ 1.920 ያሉት ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ይለፍ ቃል እንዲቀየር የሚያደርገው አማራጭ ከበራ። በ1.930 ተወገደ። ያን ጊዜ 10000ን ለሁሉም ያልከፈቱ ሰዎች አሮጌ ስሪት ላይ ቢሆኑም ከውጭ የሚደርስባቸው አልነበረም።

ስለዚህ ፋየርዎሉን ከሁሉ አድራሻ ከመክፈት ለቢሮ አድራሻ ብቻ መፍቀድ፣ ወይም ጭራሹን ዘግቶ በኤስኤስኤች መሿለኪያ መግባት ይሻላል። በኤስኤስኤች ትእዛዝ ላይ ኤል የሚለውን አማራጭ ጨምሮ የራስን ማሽን ፖርት 10000 ከሰርቨሩ ፖርት 10000 ጋር ማገናኘት፣ ከዚያ ብራውዘሩን ከፍቶ በሰርቨሩ አድራሻ ቦታ ሎካልሆስት ብሎ መጻፍ ነው።