ለአዲስ ንግድ የሚሆን ላፕቶፕ

በጥቂት ገንዘብ የማር ንግድ የሚጀምር ሰው ሒሳቡን የሚይዝበትን ላፕቶፕ ሲገዛ ከመልኩ ይልቅ ውስጡን መመርመር ይገባዋል። ለደብዳቤና ለሒሳብ መዝገብ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስ ኤስ ዲ ይበቃዋል፤ ከዚህ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ለቀፎ መግዣ ቢውል ይሻላል።

ያገለገለውን የሚገዛ ግን በብርቱ ይጠንቀቅ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ከተሠሩት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል ከተፈቀዱት ውስጥ አይገኙም። ርካሹ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ወገን ነው።

መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ባትሪው እንደ ዋናው ዕቃ ይቆጠራል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ሳይቆጥር፣ ሻጩ ቢያጉረመርምም እንኳ፣ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ያሠራው።