ከተቀማጭ በላይ ስለ ማውጣት፤ በጭሮና በአካባቢዋ ከተሞች ንግድ ምሳሌነት

በንግድ ሥራ ገንዘብ ማጣትና የገንዘብ መዘግየት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሀብት የሌለው ሰው አለ፤ ሀብቱ ገና በመንገድ ላይ ያለ ሰውም አለ። ባንክ ለዚህ ለሁለተኛው ሰው ያዘጋጀው ብድር በተለምዶ ኦቨርድራፍት ይባላል። ይኸውም የተንቀሳቃሽ ሒሳብ ደንበኛ በውል እስከ ተወሰነለት ጣራ ድረስ ከተቀማጩ በላይ በቼክ እንዲያወጣ መፍቀድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ብድሩ እንዴት እንደሚሠራ፥ ለማን እንደሚፈቀድና ትጉህ ነጋዴ እንኳ ስለ ምን ሊያጣው እንደሚችል በአጭሩ ለመግለጥ እንሞክራለን።

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬ ዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በጭሮም ሆነ በሂርና፥ በገለምሶና በበዴሳ የታወቀው ንግድ የጫት፥ የቡናና የሰንጋ ንግድ ነው። ጫት በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠወልጋልና ነጋዴው ለገበሬው ወዲያው ሊከፍል ግድ ይሆንበታል፤ እርሱ የሸጠበት ገንዘብ ግን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ቡና የሚለቀመው በታወቁት የመከር ወራት ስለ ሆነ ገንዘብ የሚፈለገውም በእነዚያው ወራት ነው። የሐረርጌ ሰንጋም በደጅ ታስሮ ለወራት ሲቀለብ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። በሦስቱም ዘንድ የገንዘቡ ፍላጎት አጭርና ተመላላሽ ነው።

የብድሩን አሠራር በምሳሌ እንመልከት። አንድ የቡና ነጋዴ በሒሳቡ 50,000 ብር አለው፤ ባንኩም የ200,000 ብር ጣራ ፈቅዶለታል እንበል። የ180,000 ብር ቼክ ቢጽፍ 130,000 ብር ከባንኩ ተበደረ ማለት ነው። ቡናው ተሸጦ ገንዘቡ በ20 ቀን ቢገባና ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው ብንል የሚከፍለው ወለድ 1,068 ብር ከ49 ሳንቲም ይሆናል። ያንኑ ገንዘብ ለዓመት ተበድሮ በመጨረሻ ቢመልስ ግን ወለዱ 19,500 ብር በደረሰ ነበር። ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ በታየው ዕዳ ላይ ነውና ቶሎ የሚመልስ ሰው ይጠቀማል።

ይህን ብድር ለማግኘት የታደሰ የንግድ ፈቃድ፥ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፥ የሒሳብ መግለጫና ማስያዣ ይጠየቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚመረመረው ግን የሒሳቡ እንቅስቃሴ ነው። ባንኩ ገንዘብ በየጊዜው መግባቱንና መውጣቱን ይመለከታል። ዕዳው ዓመቱን ሙሉ ከጣራው ሳይወርድ የሚቀርበት ደንበኛ የአጭር ጊዜውን ብድር ቋሚ ካፒታል አድርጎታልና ውሉን ለማደስ ይቸገራል።

የአገራችን ነጋዴ ችግርም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ሁለት ነጋዴዎች እኩል ይነግዳሉ እንበል። አንደኛው የሸጠበትን በየቀኑ ባንክ ያገባል፤ ሁለተኛው ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል። በገበያው ሁለቱም የታመኑ ናቸው፤ በባንኩ መዝገብ ግን ሁለተኛው እንዳልነገደ ሰው ይቈጠራል። መከር ሲደርስ ገንዘብ ያጠረው እንዲህ ያለው ነጋዴ ወደ አራጣ አበዳሪ ሊሄድ ይችላል። አራጣ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ቢሆንም ችግረኛ እስካለ ድረስ አበዳሪው አይጠፋም፤ ቤትና ንብረትም የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ማስያዣም ጥቂት እንጨምር። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ ባንኮች በብዛት ሲይዙ የኖሩት ቤትና ተሽከርካሪ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ግን የሚንቀሳቀስ ንብረት፥ ከብትና የእርሻ ምርት ጭምር፥ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ተፈቅዷል። በደጅ የታሰረው ሰንጋ በሕግ ፊት ማስያዣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የተፈቀደው ካልተፈቀደው ሊለይ ይገባል። በውል ጣራ ያልተሰጠው ሰው በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ቼክ ቢጽፍ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያስጠይቀዋል። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. ሲሻሻልም ስለ ቼክና ስለ ባንክ ሥራ የተጻፈው የ1952 ዓ.ም. ሕግ ክፍል ሳይሻር ቀርቷል።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በቴሌብር በኩል «እንደኪሴ» የተባለ አገልግሎት ጀመረ። ይህም ሒሳቡ ያነሰበት ሰው ክፍያውን እንዲፈጽም የጐደለውን የሚሞላ ትንሽ ኦቨርድራፍት ነው። እዚህም ቢሆን የሚታየው ሰውየው በስልኩ ያደረገው የገንዘብ ዝውውር ነው። ወለድ በሃይማኖቱ ለማይፈቀድለትም፥ በምዕራብ ሐረርጌም ብዙ ሙስሊም ነጋዴ አለና፥ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አለ። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለነጋዴው በዱቤ ሊሸጥለት ይችላል።

እንግዲህ ከላይ እንደ ተገለጠው፥ ለዚህ ብድር ብቁ የሚያደርገው ሀብት ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ የሚታይ ሥራ ነው። ማስያዣ በአንድ ቀን ሊቀርብ ይችላል፤ የሒሳብ ታሪክ ግን በወራት ይሠራል። ስለዚህ መዝገብ መያዝና ሽያጭን ባንክ ማግባት የሚጀመረው ገንዘብ ሳይቸግር ነው። የሒሳብ አያያዝ የምንማር ተማሪዎችም ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ለአባቶቻችንና ለአጎቶቻችን አንድ መዝገብ ብናዘጋጅና አጠቃቀሙን ብናሳይ፥ ትምህርታችን ከመከሩ በፊት ሊደርስላቸው ይችላል።