በእግር ጉዞ ያቃጠሉትን ካሎሪ መልሰው ይብሉት?

ጠዋት አንድ ሰዓት በእግርዎ ተጉዘው ሲመለሱ የእጅ ሰዓትዎ «350 ካሎሪ አቃጥለዋል» ይልዎታል። ምግብ የሚመዘግቡበት የስልክ መተግበሪያም ቁጥሩን ተቀብሎ የዕለት ድርሻዎን በ350 ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ሂሳብ ከማኪያቶው ጋር አንድ ሳምቡሳ ተፈቀደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ወር ሙሉ ላቡን አፍስሶ ሚዛኑ ንቅንቅ አልል ሲለው ግራ ይጋባል። የበላውንም የተንቀሳቀሰውንም በታማኝነት ጽፏል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል።

ሰውነት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ ለመተንፈስ፣ ለልብ ምትና ሙቀቱን ለመጠበቅ ካሎሪ ያወጣል። ይህ መጠን 1,600 ነው እንበል። የዕለት ፍላጎት የሚገኘው ይህን ቁጥር በአኗኗራችን ልክ በማባዛት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ)፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብስበው ባወጡት ምደባ ተቀምጦ የሚውል ሰው ከ1.4 እስከ 1.69፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያለው ከ1.7 እስከ 1.99፣ ከባድ ሥራ የሚሠራ ደግሞ ከ2 እስከ 2.4 ይባዛለታል።

ሦስተኛውን ምድብ ማየት የሚፈልግ መተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ ይሂድ። ባለሙያዎቹ ለዚህ ምድብ የጠቀሱት ምሳሌ በዶማና በመጥረቢያ ለሰዓታት የሚሠራ፣ ሸክም ይዞ ወጣ ገባ መንገድ የሚጓዝ ገበሬ ነው። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ባጋደመችው እንጨት ሁለት ጫፍ ሸክሟን አንጠልጥላ ከማሳዋ ስትመለስ ምሳሌው በዓይን ይታያል። እዚያው ቡለን ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሠራተኛ ግን ከአዲስ አበባው የባንክ ሠራተኛ ጋር አንድ ምድብ ነው። ከላይ የወሰድነው 1,600 በ1.4 ሲባዛ 2,240፣ በ2 ሲባዛ 3,200 ይሆናል። ገበሬዋን «የቆፈርሽውን ደግሞ ጨምሪበት» የሚላት የለም፤ ቁፋሮው አስቀድሞ በብዜቱ ውስጥ ገብቷል። (እርግጥ የእሷ ጥያቄ ምን ልቀንስ ሳይሆን ይበቃል ወይ የሚል ነው። ካሎሪ መቁጠር የጠገበ ሰው ጣጣ ነው።)

እንግዲህ መተግበሪያውን ሲከፍቱ «መካከለኛ እንቅስቃሴ» የሚለውን መርጠው ከሆነ የጠዋቱ ጉዞ ተቆጥሯል፤ ዳግም አይጨምሩት። «ተቀማጭ» ብለው ከሆነ መጨመር ይችላሉ፤ ግን ሁሉንም አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሜዳማ መንገድ አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ሲጓዝ 245 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። ከዚህ ውስጥ 70 ያህሉን ሶፋ ላይ ቢቀመጥም ያወጣው ነበር። የጉዞው ትርፍ 175 ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ አለው። የጾም ወጥ ላይ ዘይት በልግስና በሚፈስበት ቤት የአንድ ሰዓት ጉዞ በአንድ ማንኪያ ተኩል ዘይት ያልቃል።

ሰዓቱስ ይታመናል? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሞክረው ነበር። የልብ ምት ላይ አብዛኞቹ ጥሩ ነበሩ። ካሎሪ ላይ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሲሳሳት፣ የባሰው 93 በመቶ ተሳስቷል። ሰውነትም ቆጣቢ ነው፤ በታንዛኒያ የሚኖሩት አዳኞቹ ሃድዛዎች ቀኑን ሲጓዙ ውለው፣ የሰውነታቸው መጠን ሲታሰብ፣ የሚያወጡት ጉልበት ከምዕራባውያን ከተሜዎች ብዙም አልተለየም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2012 ከታተመ ወዲህ ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። ለእኛ ግን ሰዓቱ ከሚለው ከግማሽ በላይ አለመቀበል ይበጃል። ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ፤ ኪሎዎ ካልቀነሰ የሚሰርዙት ስፖርቱን ሳይሆን ከሰዓቱ የተቀበሉትን ጭማሪ ይሁን።

ይህ ምክር ለሁሉም አይሆንም። በሳምንት አምስት ቀን ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ያወጣውን መተካት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አሥር የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮችን ለሰባት ቀን ተከታትሎ በቀን 3,200 ካሎሪ ገደማ እንደሚበሉና ይህም ከሚያወጡት ጋር ተቀራራቢ እንደሆነ አሳይቷል። ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ካርቦሃይድሬት ነበር። ለውድድር የምትዘጋጅ ልጅዎ እየሮጠች ምግብ ከቀነሰች የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም ሊዳከም ይችላል፤ የወር አበባ መቅረቱን «ከስፖርቱ ነው» ብለው አይለፉት። ኢንሱሊን የሚወስድ የቤተሰብ አባል ደግሞ ከጉዞ በፊት ምን ያህል መብላት እንዳለበት ከሰዓቱ ሳይሆን ከሐኪሙ ይጠይቅ፤ እንቅስቃሴ የደም ስኳርን ስለሚያወርድ ለእሱ የሚበላው ነገር የማኪያቶና የሳምቡሳ ጉዳይ አይደለም።