ከአባቴ ሸሚዞች የተሰፋ ብርድ ልብስ

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ካፖርቱንና ሙሉ ልብሶቹን ለዘመድ ሰጠች። 6 ሸሚዞቹን ግን ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም። 2 ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀመጡ። ባለፈው ክረምት ብርዱ ጉልበቷን ሲያስቸግራት፣ «እማዬ፣ ከሸሚዞቹ ጉልበትሽ ላይ የምትጥዪው ነገር ልሥራልሽ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ካበላሸሽውስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። የሸሚዞቹ ቁራጮች ተጋጥመው የላዩ ጨርቅ ይሆናሉ፤ መሃል ሙቀት የሚይዝ ነገር ይገባል፤ ከሥር ገበር ይነጠፋል። መገጣጠሙ የትራስ ልብስ ለሰፋ ሰው አያቅትም። ለመሃሉ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ፣ ለገበሩ ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ተጠቀምኩ። (ባዘቶ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ስፌቱ ካልተቀራረበ ሲታጠብ ይጓጉላል።)

ጉዱ ሦስቱን አንድ ላይ መስፋቱ ላይ ነው። መኪናዬ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የምታውቅ አሮጌ የእግር መኪና ናት። እዚህም እዚያም በስፒል ያዝ ያዝ አድርጌ ከዳር ጀመርኩ። 4 መስመር ሰፍቼ ብገለብጠው ገበሩ ታጥፎ ተሰፍቷል፤ ከላይም የአባቴ ሰማያዊ ሸሚዝ ተጨማዷል። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። ከመርፌው ሥር ያሉት ጥርሶች የሚስቡት የታችኛውን ጨርቅ ነው፤ የላዩን የሚስብ ስለሌለ የመኪናዋ እግር ወደፊት እየገፋ ያከማቸዋል። እናቴ ምንም አላለችም። መነጽሯን አድርጋ ስፌቱን በምላጭ አንድ በአንድ ስትፈታ አመሸች።

በማግስቱ ወለሉን ጠርገን አቡጀዲውን ወጥረን ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣበቅነው። ሌሎቹን ደርበን በየአንድ መዳፉ ርቀት መርፌ ቁልፍ ወጋንበት። አሰልቺ ነው፣ ግን ይህን አትዝለሉት። አዲስ ቁጥር 14 መርፌ አስገባሁ፤ ስፌቱን በ1 ሴንቲ ሜትር 3 ያህል እንዲሆን አስረዘምኩት፤ እግሩን የሚጫነውን የላይኛውን ብሎን ትንሽ አላላሁት። አሁን የጀመርኩት ከመሃል ነው። ግማሹን ጠቅልዬ በመኪናዋ ክንድ ሥር አሳለፍኩና ወደ ዳር ወደ ዳር እየወጣሁ ሰፋሁ። ከጠረጴዛው የተንጠለጠለ ጨርቅ መርፌውን ስለሚጎትት ልጄ ከጀርባ ሆና ትይዝልኝ ነበር። 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ብቻ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ በላይ መሞከር ጀርባን መቅጣት ነው። የላዩንም ጨርቅ የሚስብ ባለ ጥርስ እግር ለአዳዲስ መኪናዎች አለ፤ ላላችሁ ሰዎች ግማሹ ችግር ተቃለለላችሁ።

አንዱን ሸሚዝ የቆረጥኩት ከነደረት ኪሱ ነበር። እዚያ ስደርስ በላዩ አላለፍኩም፤ አፉ እንዳይዘጋ በዳሩ ዞርኩ። እናቴ አሁን መነጽሯን የምታስቀምጠው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው።