ስጦታ ወይስ መርዝ?

ፊደል የቆጠረ ሰው ቃል ያነባል። ካነበበ በኋላ ግን አንድ ሥራ ይቀረዋል። «ይህ ቃል የየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ለምን? እስቲ አንድ ቃል ወስደን እንመልከት።

ቃሉ «ጊፍት» ይባላል። በእኛ ፊደል ሦስት፣ በላቲን ፊደል ደግሞ አራት ሆኖ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ስጦታ ነው። ለወዳጅ በደስታ ቀን የሚሰጥ ዕቃ ጊፍት ይባላል።

ወደ ጀርመን አገር እንሻገር። በዚያም ጊፍት የሚል ቃል አለ። ፊደሎቹ እነዚያው አራቱ ናቸው። ትርጉሙ ግን መርዝ ነው! እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቃሉን በጠርሙስ ላይ ቢያገኘው ስጦታ ይመስለዋል። ከቀመሰው ግን አለቀለት።

በስዊድን ቃሉ ያው ሆኖ ሲነበብ «ይፍት» ይባላል። እዚያ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ መርዝ፣ ሌላው ያገባ ሰው ማለት ነው። በዴንማርክና በኖርዌይም እንዲሁ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው በዚህ ይቀልዳሉ።

አንድ ቃል እንዴት ይህን ያህል ተለያየ? እነዚህ ቋንቋዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቃሉም የወጣው «መስጠት» ከሚለው ነው። ለሰው የተሰጠ ዕቃ ስጦታ ተባለ። ልጅን መዳርም መስጠት ነው። በእኛም አገር «ልጄን ለእገሌ ልጅ ሰጠሁ» ይባል የለ? ያገባ የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚህ ነው።

መርዝስ ከየት መጣ? ግሪኮች ለበሽተኛ የሚሰጠውን የመድኃኒት ልክ «ዶሲስ» ይሉት ነበር። ትርጉሙ መስጠት ነው። ዛሬ «ዶዝ» የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው። ጀርመኖችም በራሳቸው ቋንቋ ጊፍት አሉት። ቀስ በቀስ የሚገድለው ነገር በዚሁ ስም ተጠራ። የድሮው ትርጉም ግን ጨርሶ አልጠፋም። ሙሽራ ከወላጆቿ ይዛ የምትሄደው ሀብት በጀርመንኛ እስከ ዛሬ «ሚትጊፍት» ይባላል።

ይህ ነገር በሰው አገር ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። መድኃኒት የሚለው ቃላችን ከመዳን የመጣ ነው። ሆኖም «የአይጥ መድኃኒት» እንላለን። የአይጥ መድኃኒት አይጥ አያድንም፤ ይገድላል። ሰውንም ይገድላል። የተባይ መድኃኒትም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ስሙ አያታልላችሁ። በዕቃው ላይ የራስ ቅልና የተጠላለፉ ሁለት አጥንቶች ከተሣሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ መርዝ ነው። ከልጆች አርቁት። ባዶ ዕቃውንም ውኃ ወይም ዘይት አታድርጉበት።

ጥያቄ
1. ጊፍት በጀርመንኛ ምን ማለት ነው?
2. በቤታችሁ መድኃኒት እየተባለ የሚጠራ መርዝ አለ? የት ተቀምጧል?